ግድግዳው ላይ የተጻፈው 1189

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ ስለ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ስለ እንግሊዝ የድሮ መጠጥ ቤቶች። መጀመሪያ ገረመኝ። የድሬ ሰው በዚህ ሙቀት የኖቲንግሃም መጠጥ ቤት ምን አስጨነቀው? ኋላ ላይ ጥፋቱ የራሴ መሆኑ ትዝ አለኝ። ባለፈው እትም ልጄን ልጠይቅ ኖቲንግሃም ሄጄ ሦስት ሳምንት እንደቆየሁ፣ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ መጠጥ ቤት እንዳየሁም በአንድ መስመር ጽፌ ነበር። አንባቢ ሌላውን ሁሉ ትቶ ያቺን መስመር ይዞ ቀረ።

እሺ እንግዲህ። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ሽመንደፈርን 31 ዓመት ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ። የባቡር ሰው ግን ሁለት ነገር በደንብ ያውቃል፤ ሰዓትና መጠጥ ቤት። ከልጄ ጋር ስዞር የሰማሁትን፣ ከመጣሁም በኋላ ያነበብኩትን ይዤ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።

«ጋሼ፣ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል። ወንድሙ ከእንግሊዝ የላከለትን ፎቶ አሳየኝ። ነጭ ግድግዳ ላይ በትልቁ 1189 ተብሎ ተጽፏል። ‹ከ800 ዓመት በላይ ሳይዘጋ የኖረ መጠጥ ቤት ነው› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹አቦ ተወኝ! ባለቤቱ ቀለም ገዝቶ የጻፈው ነው› አልኩት። ውርርዱ አንድ ሳጥን ሐረር ቢራ ነው። እርስዎ ቤቱን አይተውታልና ይፍረዱን።» ከገንደ ቆሬ

ልጄ፣ መጀመሪያ ቤቱን ላስተዋውቅህ። «ዘ ኦልድ ትሪፕ ቱ ጀሩሳሌም» ይባላል። «የድሮው የኢየሩሳሌም ጉዞ» እንደ ማለት ነው። ኖቲንግሃም መሀል አንድ ትልቅ አለት አለ። አናቱ ላይ ግንብ ተሠርቶበታል። ከግርጌው ደግሞ ይህ ነጭ ቤት ተለጥፎ ቆሟል። ከፊት ስታየው እንደማንኛውም ቤት ነው። ወደ ውስጥ ዘለቅ ስትል ግን ግድግዳው ያልቅና አለቱ ይቀጥላል። ከላይ ያለው ክፍል ጣሪያውም አለት ነው።

አለቱ አሸዋማ ነው። በብረት ሲፍቁት ይፈረፈራል። ስለዚህ የከተማው ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲቆፍረው ኖሯል። ከኖቲንግሃም ሥር ከ800 በላይ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ዋሻዎች ይታወቃሉ። አንዱ የቆዳ ማልፊያ ነበር። ሌላው የብቅል ማዘጋጃ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰው ከቦምብ ተሸሽጎባቸዋል። ዋሻ ውስጥ ክረምት ከበጋ ቅዝቃዜው ብዙም አይለዋወጥም። ለጠማቂ ከዚህ በላይ ምን ይሻላል? ይህን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እዚያ ቁጭ ብዬ አለቱን በመዳፌ ስነካው ትዝ ያለችኝ አክስቴ ናት። እሷ ጋኑን ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሳ ነበር የምታቀዘቅዘው። ጆንያውን በየሰዓቱ ውሃ ማርከፍከፍ የእኔ ሥራ ነበር። አለት ቢኖረን ኖሮ ልጅነቴን በእግር ኳስ አሳልፍ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። 1189 ሪቻርድ አንበሳ ልብ የሚሉት ንጉሥ የነገሠበት ዓመት ነው። ወሬው እንዲህ ነው። ኢየሩሳሌምን ከሙስሊሙ ሱልጣን ከሳላዲን እጅ ለማስለቀቅ የዘመቱ ወታደሮች በመንገዳቸው እዚህ ቤት ጎራ ብለው ጠጡ። ስሙም ከዚያ መጣ። ቆንጆ ወሬ ነው። ወረቀት ላይ ሲፈለግ ግን የለም። ቤቱ በጽሑፍ የሚገኘው በ1751 ነው። ያኔም ስሙ «ፒልግሪም» ነበር፤ ተሳላሚ ማለት ነው። የአሁኑ ስም ብቅ የሚለው በ1799 ነው። የቆመው ሕንፃ ራሱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ወደ 1650 ገደማና ከዚያ ወዲህ። እንግዲህ ቀንሰው። ከቁጥሩ እስከ ቤቱ ከ450 ዓመት በላይ ይጎድላል።

የንጉሡ ነገር ደግሞ ያስቃል። ሪቻርድ ወደ 10 ዓመት ነግሦ እንግሊዝ ውስጥ የኖረው ስድስት ወር እንኳ አይሞላም። ኖቲንግሃም ግን በእርግጥ መጥቷል። የመጣው በ1194 ነው። ከኢየሩሳሌም ዘመቻ ሲመለስ መንገድ ላይ ተይዞ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ታስሮ፣ ገና መፈታቱ ነበር። ሊጠጣም አልመጣም። የወንድሙ የጆን ሰዎች ግንቡን ይዘውበት ስለነበር ከቦ ሊያስለቅቅ ነው። ስለዚህ ወታደሮቹ ከአለቱ ሥር ጠጥተው ከሆነ እንኳ ሲሄዱ ሳይሆን ሲመለሱ ነው። ቤቱም «የኢየሩሳሌም መልስ» መባል ነበረበት።

ለጓደኛህም ልፍረድለት። ከላይ ያለው ግንብ የተጀመረው በ1068 ነው። በዚያ ዘመን ወታደር የሞላበት ግንብ ያለ መጠጥ አይውልም። ጠመቃ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ቀዝቃዛው ቦታ ደግሞ ከሥሩ ያለው አለት ነው። ለግንቡ እዚህ ይጠመቅ ነበር የሚሉ ሰዎች ከመሬት ተነሥተው አላሉም።

እኔ ነገሩን እንዲህ ነው የምከፍለው። መጠጥ ቤት አንድ ዕድሜ የለውም፤ አራት አለው። ቦታው የራሱ ዕድሜ አለው። ቤቱ የራሱ። ፈቃዱ የራሱ። ስሙ የራሱ። ግድግዳ ላይ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ከአራቱ ትልቁን ይመርጣል። እዚህ ሰፈራችንም «ከ...ዓ.ም. ጀምሮ» ብሎ የለጠፈ ምግብ ቤት አለ። ባለቤቱን ምስጢሩን ብጠይቀው የአባቱ የልደት ዓመት ሆኖ ተገኘ።

ፈቃድ ስል፣ እንግሊዞች መጠጥ ቤት ሁሉ ከዳኞች ፈቃድ እንዲያወጣ ያዘዙት በ1552 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን «ሳይዘጋ ኖረ» ብሎ የሚያረጋግጥ መዝገብ ከየት ይመጣል?

ቤት ስል ደግሞ፣ የቤትን ዕድሜ እንጨቱ ይናገራል። ክረምትና በጋው ቁርጥ ብሎ በሚለያይበት አገር ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ጥሩ ዓመት ሲሆን ቀለበቱ ይሰፋል፤ ክፉ ዓመት ሲሆን ይጠባል። ባለሙያዎች ከምሰሶው እንደ እርሳስ የቀጠነ ናሙና ሰርስረው ያወጣሉ። የሰፊውንና የጠባቡን ተራ ዕድሜው ከታወቀ እንጨት ጋር ያስተያያሉ። ዛፉ የተቆረጠበት ዘመን ይገኛል።

ኖቲንግሃም ውስጥ «አንጋፋው እኔ ነኝ» የሚሉ መጠጥ ቤቶች ሦስት ናቸው። አንዱ ይሄው ባለ 1189 ነው። ሁለተኛው «ሳሉቴሽን» ይባላል፤ 1240 ይላል። ሦስተኛው «ቤል» ነው፤ ደወል ማለት ነው፤ እሱ 1437 ይላል። የቤቶቹ ዕድሜ ሲጠና የሳሉቴሽን ወደ 1360 ገደማ፣ የቤል ወደ 1420 ገደማ ወጣ። የጥንቱን ዓመት የጻፈው ከሦስቱ በሕንፃ የመጨረሻው ታናሽ ሆኖ አረፈው! የቅርቡን ዓመት የጻፈው ደግሞ ከራሱ ላይ ዓመት ቀንሷል። እኔ ቤልን የወደድኩት ለዚህ ነው።

ይህ የኖቲንግሃም በሽታ ብቻ አይደለም። ሴንት ኦልባንስ የሚባል ከተማ «የሚዋጉት አውራ ዶሮዎች» የሚባል ባለ ስምንት ማዕዘን መጠጥ ቤት አለ። 793 ይላል። ቤቱ በመጀመሪያ የገዳም የርግብ ቤት ነበር። ገዳሙ በ1539 ከተዘጋ በኋላ ተነሥቶ አሁን ወዳለበት ቦታ መጣ። የመጠጥ ፈቃድ ያገኘው በ1756 ነው። የጊነስ መዝገብ ለብዙ ዘመን የእንግሊዝ አንጋፋ መጠጥ ቤት ብሎ ጽፎት ነበር። በ2000 ግን ክርክሩ ማለቂያ ስለሌለው ያን ማዕረግ ጨርሶ ሰረዘው።

ፍርዱ እነሆ። ቁጥሩን ባለቤት ነው የጻፈው ያልከው አንተ ትክክል ነህ። አለቱና ጠመቃው ሩቅ ነው ያለው ጓደኛህም ባዶ እጁን አይሄድም። ሳጥኑን እኩል ክፈሉት። ሁለት ጠርሙስ ለዳኛ ይቀመጥ።

«ጋሼ፣ እኔ ለገሃሬ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። የባጃጅ ጥቅስም፣ የሱቅ ስምም። እዚያ አገር መጠጥ ቤት ሁሉ ሥዕል ይሰቅላል ሲባል ሰማሁ። ቀይ አንበሳ፣ ነጭ አጋዘን፣ ዛፍ። ለምንድን ነው? ደግሞ ስማቸው ላይ የሚጽፉት ‹ዪ ኦልድ› ምንድን ነው?»

ወንድሜ፣ ይህ የሙያህ ጉዳይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልስልህ።

ቅድም ያነሣኋት አክስቴ ጠላ ሻጭ ነበረች። በሯ ላይ ስም የለም። ረጅም እንጨት ላይ ጣሳ ተደፍቶ ይቆማል። ጣሳ ካለ ጠላ አለ። ሲያልቅ ታወርደዋለች። ደንበኞቿ ከሩቅ አንገታቸውን አስግገው እንጨቱን ያዩና ወይ ይመጣሉ፣ ወይ ይመለሳሉ። ማንበብ አያስፈልግም።

እንግሊዝም አጀማመሩ እንዲሁ ነው። ኤል የሚሉት የድሮ መጠጣቸው ጠመቃው የሴቶች ሥራ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ኑሮ የከበዳት፣ እህል የተረፋት ትጠምቅና ከቤቷ ትሸጣለች። መጠጡ ጌሾ የሌለው ጠላ በለው። ሆፕ የሚባለው ተክል፣ የእነሱ ጌሾ ማለት ነው፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ የተለመደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ኤል በጥቂት ቀን ይኮመጥጣል። ቶሎ መሸጥ አለበት። ስለዚህ ጠማቂዋ ከበሯ በላይ ረጅም እንጨት ታወጣለች፤ ጫፉ ላይ ቅጠል ታስራለች። ደረሰ ማለት ነው።

ያን እንጨት ጎረቤት ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። ቀማሽ የሚባል ሹም ነበር። ከ1266 ገደማ ጀምሮ የኤል ዋጋ ከእህል ዋጋ ጋር እንዲታሰር በሕግ ተወስኗል። ቀማሹ እየዞረ ጥራቱንና ዋጋውን ያያል። የሼክስፒር አባት ጆን በ1556 ስትራትፎርድ ላይ ለዚሁ ሥራ ተመርጦ ነበር። አክስቴ ይህን ብትሰማ «ደሞዝም ይከፈለው ነበር?» ትለኝ ነበር። እሷ ዘንድ ያለ ሹመት የሚቀምስ ሞልቶ ነበርና።

ቅጠሉ ወደ ሥዕል የተለወጠው ቀስ እያለ ነው። በ1393 ንጉሥ ሪቻርድ ዳግማዊ ለሽያጭ የሚጠምቅ ሁሉ ምልክት እንዲሰቅል አዘዘ። ያልሰቀለ ኤሉ ይወረሳል። ያው ለቀማሹ እንዲመቸው ነው። የንጉሡ የራሱ ዓርማ አንገቱ ላይ የወርቅ አክሊል ያለበት ነጭ አጋዘን ነበር። ብዙ ቤት እሱን ሣለ። እስከ ዛሬ «ነጭ አጋዘን» የሚባል መጠጥ ቤት በየከተማው ታገኛለህ። ዛፉ ደግሞ የሌላ ንጉሥ ታሪክ ነው። ቻርልስ ዳግማዊ በ1651 ዉስተር ላይ በጦርነት ተሸንፎ ሲሸሽ አንድ ኦክ ዛፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ተደብቆ ዋለ። ፈላጊዎቹ ከሥሩ ሲያልፉ ያያቸው ነበር ይባላል። ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ያ ዛፍ በየመጠጥ ቤቱ ተሰቀለ። «ሮያል ኦክ» ይሉታል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ያ ቅድም ያልኩህ «ሳሉቴሽን» ነው። ሰላምታ ማለት ነው። የማን ሰላምታ? የመልአኩ የገብርኤል! ለማርያም ያቀረበው ሰላምታ። ይህን ስሰማ ቁልቢ ትዝ አለኝ። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከድሬ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣው ሕዝብ፣ በየመንገዱ ዳር ውሃና ምግብ ይዘው የሚቀመጡት ሰዎች። ተሳላሚ ባለበት ሁሉ አሳራፊ አለ። አክራሪ ፕሮቴስታንቶቹ ጉልበት ባገኙበት ዘመን የመልአክ ሥዕል መጠጥ ቤት ላይ አይሰቀልም ተባለና ስሙ «ወታደርና ዜጋ» ተብሎ ተለወጠ። በ1660 ንጉሡ ሲመለስ ገብርኤልም ተመለሰ።

ስለ «ዪ» የጠየቅኸው ጥሩ ጥያቄ ነው። «ዪ» ተብሎ አይነበብም። ድሮ እንግሊዝኛ ውስጥ «ዘ» ለሚለው ድምፅ ቶርን የሚባል የራሱ ፊደል ነበረ። የእጅ ጽሑፍ እየተለዋወጠ ሲሄድ መልኩ ዋይ (Y) የሚባለውን ፊደል መሰለ። አታሚዎችም ያንኑ ፊደል ተኩበት። ድምፁ ግን ያው «ዘ» ነው። ዛሬ በየበሩ የምታየው «ዪ ኦልድ» አብዛኛው የድሮ መምሰያ ጌጥ ነው፤ ራሱ ሩቅ አይሄድም። እኛ ሐመሩን ሐና ሃሌታውን ሀ ስናምታታ እንደምንከራከረው፣ እነሱ ፊደሉን ጥለው ቅርፊቱን ይዘው ቀሩ።

«ነምበር ዋን አካባቢ ግሮሰሪ አለኝ። ማታ ደንበኛ ማስወጣት ሞት ነው። እንግሊዝ አገር ደወል ሲደወል ሁሉም ወጥቶ ይሄዳል ይባላል። እንዴት አስለመዷቸው?»

እህቴ፣ ያስለመዳቸው ጦርነት ነው። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ መንግሥት የጥይት ፋብሪካ ሠራተኛው ሰክሮ እንዳያድር ሰዓት ቆረጠ። ከሰዓት በኋላም እንዲዘጋ አዘዘ። በ1915 እንዲያውም ሌላ ሰው መጋበዝ ከለከሉ! ለጓደኛህ ከከፈልክ ቅጣት አለው። እኛ ጋ ቢሆን የጎዳና ሰልፍ ይነሣ ነበር። ጦርነቱ አልቆ የከሰዓቱ መዘጋት ግን እስከ 1988 ቆየ። እዚህ ድሬ ከሰዓት ሱቁ ሁሉ የሚዘጋው በሙቀትና በበርጫ ነው። እዚያ ግን በሕግ ነበር። ማታ ደግሞ ለረጅም ዘመን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ያበቃ ነበር። መጀመሪያ ደወል ይደወላል፤ የመጨረሻ ትእዛዝ ማለት ነው። ቀጥሎ «ሰዓት!» ይባላል። የጨበጡትን ለመጨረስ 20 ደቂቃ ያህል ይሰጥ ነበር። ከ2005 ወዲህ ሕጉ ላልቷል። ደወሉ ግን አለ። እርስዎ ደወል ብቻ አይበቃዎትም። ዘፈኑን ያጥፉና መብራቱን ሙሉ ያብሩት።

«አንተ ሰው፣ ከመጠጥ ቤት ሌላ የምትጽፈው አጣህ? እሺ እኔም ልጠይቅህ። ባቡር የነካው መጠጥ ቤት አላየህም? እኛ ጋ ባቡሩ ሲቆም ምን እንደሆነ አንተው ታውቃለህ።» የጥንት የሥራ ባልደረባህ፣ ከዚራ

ጽሕፈትህን ሳይ ነው ያወቅሁህ። አይቻለሁ፣ እንዴት አላይም።

ለንደን ውስጥ ሳዘርክ በሚባል ሰፈር «ጆርጅ» የሚባል ማረፊያ አለ። ልጄ ወስዳኝ ግቢው ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ቀረሁ። በ1676 ሰፈሩ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። ፎቁ ላይ ወደ ግቢው የሚያይ ረጅም የእንጨት ሰገነት አለው። እንደዚህ ያለ ባለ ሰገነት የሠረገላ ማረፊያ ለንደን ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

በባቡር ፊት የነበረውን ዘመን አስበው። የፖስታ ሠረገላ ከብሪስቶል ለንደን መሄድ የጀመረው በ1784 ነው። ፈረሶቹ በየ16 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ይለወጣሉ። በየመለወጫው ማረፊያ አለ፤ በረት፣ ወጥ ቤት፣ አልጋ፣ መጠጥ። እኛ በየጣቢያው ውሃ እንደምንሞላው በለው። በ1830 የሊቨርፑልና የማንቸስተር ባቡር ተጀመረ። በ1838 ከለንደን በርሚንግሃም ተዘረጋ። ከዚያ በኋላ ፈረስ ማን ይጠብቃል? ለአንድ ትውልድ ጊዜ ስንቱ ማረፊያ በሩን ዘጋ።

ጆርጅን ደግሞ ባቡር ኩባንያ ራሱ ገዛው። የዕቃ ማከማቻ አደረገው። ግቢውን የከበቡትን ሁለቱን ጎኖች አፈረሰና መጋዘን ሠራበት። የቀረው የደቡቡ ጎን ብቻ ነው። በ1937 ባቡር ኩባንያ ነው ያንን ቀሪውን ለቅርስ ጠባቂው ድርጅት ለናሽናል ትረስት የሰጠው። እዚያ ቆሜ አፈርኩም ኮራሁም። ያፈረሰው የእኛው ሙያ ነው። ያዳነውም የእኛው ሙያ ነው።

የእኛን ከተማ ደግሞ ባቡር ገድሎ አይደለም የጀመረ፤ ወልዶ ነው። ሐዲዱ የሐረርን ጋራ መውጣት ከበደውና በ1902 ከተራራው ሥር ቆመ። ድሬዳዋ ተወለደች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ስለዚህ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ እኛ ነበርን። መንገደኛ እዚህ ወርዶ በቅሎ እስኪያገኝ አድሮ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ ነው የሚሄደው። ከዚራ የቆመው በዚያ ሰው ገንዘብ ነው። ለዚህ ነው የድሮው ባቡር ሲቆም እኔና አንተ ደሞዝ ስናጣ፣ ቡና አፍይዎቿ ከእኛ በፊት ያለቀሱት። አዲሱ ባቡር በ2016 ተመርቋል፤ ጣቢያው ግን ከከተማ ውጭ ነው። ተሳፋሪው ባጃጅ ይዞ ይሄዳል። ከዚራ ሻይ አይጠጣም።

ቅዳሜ ና። የጆርጅን ፎቶ አሳይሃለሁ።

«ጋሼ፣ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቼ ለአንድ ዓመት ኖቲንግሃም ልሄድ ነው። መጋላ ነው ያደግሁት፤ መጠጥ አልቀምስም፣ ሂጃብም አደርጋለሁ። እዚያ ያሉ ሰዎች የክፍል ጓደኞች ሁሉ የሚገናኙት መጠጥ ቤት ነው ይሉኛል። ልገባ እችላለሁ? ነውር ይሆንብኛል?»

እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። መግባት አለመግባቱን አንቺና ቤተሰብሽ ትወስናላችሁ። ምን እንደሚጠብቅሽ ግን ልንገርሽ።

እዚያ መጠጥ ቤቱን «ፐብ» ይሉታል፤ ስሙ ራሱ «የሕዝብ ቤት» ማለት ነው። ድሮ ሦስት ዓይነት ነበር። ኤል የሚሸጥበት፣ ወይን የሚሸጥበት፣ አልጋ ያለው። ጠላ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሆቴል በይው። ዛሬ ሁሉም ተቀላቅሎ፣ ቀን ቀን ምግብ ቤት ነው። አሮጊቶች ሻይ ይዘው ጋዜጣ ያነባሉ። ልጅ ይዞ ምሳ የሚበላ አለ። ለስላሳ ያዘዘን ሰው ማንም ቀና ብሎ አያየውም። እኔን ራሴን ስኳሬ ስለከለከለኝ ሦስቱን ሳምንት ያሳለፍኩት በሎሚ ውሃ ነው።

አስተናጋጅ እንዳትጠብቂ። እኔ መጀመሪያ ቀን ልጄ ሥራ ላይ ሳለች ብቻዬን ገባሁና ጥጉ ላይ ተቀመጥኩ። 20 ደቂቃ። ማንም አልመጣም። በሆዴ «ጥቁር ስለሆንኩ ነው» አልኩ። ልጄ ስትሰማ በሳቅ ሞተች። አብዛኛው ቤት ሰው ራሱ ባንኮኒው ጋ ሄዶ ያዛል፤ እዚያው ይከፍላል፤ ይዞ ይመለሳል። ሰልፍ የለም። ግን ማን ቀድሞ እንደመጣ ሁሉም በዓይኑ ይዟል። ተራ የዘለለ ሰው ይታወቅበታል።

ጓደኞችሽ በየተራ ለሁሉም ይገዛሉ። አንዱ ገዝቶ ካንቺ ተራ ሲደርስ ዝም ማለት ነውር ነው። የእነሱን መጠጥ መግዛት ካልፈለግሽ ገና ስትቀመጡ «እኔ ለራሴ ብቻ ነኝ» በይ። ማንም አይቀየምም።

ምግብ ላይ ጠይቂ። ሥጋው ሐላል ላይሆን ይችላል። ዓሣ አዘዝኩ ብለሽም እንዳትዘናጊ፤ ብዙ ቦታ ዓሣው የሚነከርበት ሊጥ በቢራ ነው የሚበጠበጠው።

ባለ 1189 ቤት ከሄድሽ ወደ ላይኛው ክፍል ውጪ። ግድግዳው ላይ የበሬ ቀንድ፣ ከጣሪያው በክር የተንጠለጠለ ቀለበት ታያለሽ። ቀለበቱን አወዛውዞ ቀንዱ ላይ ማጥለቅ ነው ጨዋታው። እኔ 14 ጊዜ ሞክሬ አንዴም አልሆነልኝም። አቧራ የወረሳት ትንሽ የመርከብ ሞዴልም አለች። ያጸዱዋት ሦስት ሰዎች ሞተዋል ይባላል። ስለዚህ መስታወት ውስጥ አስገብተዋታል፤ ማንም አይወለውላትም። እናቴ ብታያት ኖሮ «አጋንንት የሚፈራ ሰው ቤት አያጸዳም እንዴ?» ብላ ጨርቅ ታነሣ ነበር።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከተማውን ስትዞሪ የተሰቀሉትን ሥዕሎች በስልክሽ አንሺያቸው። ነጭ አጋዘኑን፣ ኦኩን፣ ገብርኤልን ካገኘሽውም እሱን። ለለገሃሬው ሰዓሊ አደርስለታለሁ።